ዕቅዳችሁን እንደ እቁብ ጻፉት

እኛ ሐበሾች በዓመት ሁለቴ አዲስ ዓመት ስለምናከብር ዕቅዳችንን የምንረሳውም ሁለቴ ነው። በመስከረም «ዘንድሮስ ንግዴን አሳድጋለሁ» እንላለን። በጃንዋሪ ያንኑ በእንግሊዝኛ እንደግመዋለን። ፋሲካ ሲደርስ የሚያስታውሰው የለም።

እኔ ኦክላንድ ውስጥ ምግብ ቤት ከከፈትኩ 19 ዓመቴ ነው። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። ሌኒ ኮሌጅ ሁለት ሴሚስተር አካውንቲንግ ተምሬ ልጅ ሲመጣ አቁሜያለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወጥ ቤት የመጣ ነው። ታክሲም ይሁን የጽዳት ሥራ፣ የልጆች መዋያም ይሁን ሱቅ ያላችሁ፣ ወይም ገና ልትከፍቱ የምታስቡ፣ ነገሩ ብዙም አይለያይም።

«አሳድጋለሁ» ዕቅድ አይደለም። ምኞት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ እቁብን አስቡ። «ዘንድሮ ትንሽ እቁብ እጥላለሁ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ስንት ሰው ነው? ስንት ዶላር? በሳምንት ነው በወር? ዳኛው ማነው? ጸሐፊውስ? ዋስ ማን ይሆናል? ይሄ ሁሉ ካልታወቀ እቁቡ አይጀመርም። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ደግሞም ካልጣልክ የሚደውልልህ ሰው አለ። አያቶቻችን ቢዝነስ ስኩል ሳይገቡ ያቆሙት ነገር ነው። እኛ ግን እቁቡ ላይ ይሄን ያህል ጠንቃቆች ሆነን የገዛ ንግዳችን ጋ ስንመጣ «እግዜር ያውቃል» እንላለን።

ምግብ ቤቴ የተከፈተው በእቁብ ነው። 25 ሰዎች ነበርን፤ በወር 1,000 ዶላር እንጥል ነበር። 25,000 ዶላሩ ሲደርሰኝ ለኪራይ ማስያዣና ለጭስ መሳቢያው፣ እዚህ ሁድ ለሚሉት ማለቴ ነው፣ ዋለ። አንድም ወር ሳላጓድል ጣልኩ። ግን ያን ሁሉ ታማኝነት የትኛውም ባንክ አላየውም። እቁብ ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጣምና።

ይሄን ጉድለት ለመሙላት የተነሳ ድርጅት እዚሁ አጠገባችን እንዳለ ብዙ ወገን አያውቅም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ2007 የተመሠረተው ሚሽን አሴት ፈንድ ሰዎችን በቡድን አሰባስቦ ልክ እንደ እቁብ በየተራ ያለ ወለድ ያበድራል፤ የሚከፍሉትን ደግሞ ለክሬዲት ቢሮዎች ያሳውቃል። መሪው ሆዜ ኪኞኔዝ በዚህ ሥራው በ2016 ታላቁን የማካርተር ሽልማት አግኝቷል። ለእቁብ እኮ ነው! ሜክሲኮዎቹ «ታንዳ» ይሉታል። የሰፈሩን እቁባችሁን ተዉ አልልም፤ ክሬዲት ገና ለሌለው አዲስ መጤ ግን ይሄኛው በጎን ቢኖር ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ሳን ሆዜ ውስጥ ባዶ ቦታ አለ ብሎ ጠራኝ። ልጄ እዚያ ነው የሚሠራው፤ በጣም ደስ አለው። «እማ፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ! ሰዉ ሁሉ እዚህ ነው፣ ገንዘቡም እዚህ ነው» አለኝ። ከ2020 ጀምሮ ባርት ቤሪየሳ ድረስ ይሄዳል፤ በመኪናም በ880 ወደ 40 ማይል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ተነስቶ ነበር። ሁለት ቤት ያላት ሴት መባል ማን ይጠላል?

ውሉ አምስት ዓመት ነው። ኪራዩ በወር 5,800 ዶላር ሆኖ ትሪፕል ኔት የሚሉት ዓይነት ነው፤ ማለትም የሕንፃውን ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ተከራዩ ይጨምራል። እሱ በወር ወደ 1,400 ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የግል ዋስትና ፈርሚ ይላል። ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ። ንግዱ በኩባንያ ስም ቢሆንም በግል ዋስ ከሆናችሁ፣ ቤቱ ቢዘጋ እንኳ ባለንብረቱ የሚጠይቀው እናንተን ነው። እኔና ባለቤቴ ኦክላንድ ውስጥ ያለችን ጎጆ የሁለታችን ጡረታ ናት።

አንድ እሑድ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከልጄ ጋር ተቀምጠን አሰላነው። እናንተም የራሳችሁን ቁጥር እያስገባችሁ ሞክሩት። በፈረንጆች 2025 ኦክላንድ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 16.89 ዶላር ሲሆን ሳን ሆዜ 17.95 ነበር። በስድስት ሠራተኛ፣ እያንዳንዱ በሳምንት 30 ሰዓት ቢሠራ፣ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ብቻ በዓመት ወደ 9,900 ዶላር ነው። የሳን ሆዜው ደመወዝ በጠቅላላ በወር 14,000 ገደማ ሆነ። ኪራዩና ተጨማሪው 7,200። መብራት፣ ጋዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የደመወዝ ታክስ፣ ቆሻሻ፣ የካርድ ማሽን ሲደመር 3,800 ያዝን። በቃ፣ በወር 25,000 ዶላር አንድ ሰው በሩን ሳይከፍት።

አንድ ሰው በልቶ ሲወጣ በአማካይ 22 ዶላር ይከፍላል እንበል። ሲሶው ለጤፍ፣ ለሥጋ፣ ለዘይትና ለቅመም ይሄዳል፤ 14 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይቀራል። በወር 26 ቀን ከሠራን፣ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በቀን 66 ሰው ያስፈልጋል። ለእኔ አንዲት ሳንቲም ሳትተርፍ፣ የዕቃ መግዣ ብድር ሳይቆጠር። ምግቡ በማድረሻ አፕ ከሄደ ደግሞ ከ15 እስከ 30 በመቶ አፑ ስለሚወስድ 66ቱ ከ85 እስከ 120 ገደማ ይወጣል። የኦክላንዱ ቤታችን ከ19 ዓመት ልፋት በኋላ በአዘቦት ቀን የሚያስተናግደው 58 ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ ነው የሚያኖረን።

ልጄ እርሳሱን አስቀመጠና ዝም አለ።

እያንዳንዱ ንግድ እንዲህ ዓይነት አንድ ቁጥር አለው። የታክሲ ሰው በቀን ስንት ጉዞ? ሹሩባ ሠሪዋ በሳምንት ስንት ራስ? ያ ቁጥር ሳይታወቅ የሚወራው ማሳደግ ጨለማ ውስጥ መርፌ ማስገባት ነው።

ሆኖም ቁጥሩ የነገረኝ «አትችይም» ብሎ አይደለም። 58ቱ ሰዎች የሚመጡት ለምንድነው የሚል ጥያቄ አመጣብኝ። ጥያቄውን ደግሞ ሌላ አጋጣሚ መለሰው። በሚያዝያ የእህቴ ልጅ ሠርግ ስለነበረ አስር ቀን ሲያትል ሄድኩ። ስልክ በተደወለልኝ ቁጥር በማስታወሻዬ ጻፍኩ። በአስር ቀን 31 ጊዜ ተደወለ። 13ቱ ስለ ወጥና ሽሮ መጠን ነው፤ «በርበሬው ዛሬ ቀላ አለብን»፣ «ሽሮው ይወፍር ይቅጠን»። ሰባቱ ስለ ጤፍና ሌላ አቅራቢ። አምስቱ ገንዘብ ነክ፣ ለደንበኛ ይመለስ አይመለስ ዓይነት። አራቱ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ቆመ። ሁለቱ ባለቤቴ ነው፤ መቼ ትመጫለሽ።

ይቺ ዝርዝር ከማንኛውም አማካሪ ትበልጣለች። ሁለተኛ ቤት ብከፍት ኖሮ እነዚያ 13 ስልኮች ከሁለት ከተማ ሊመጡ ነበር፤ እኔ ደግሞ 880 ላይ ቆሜ። እናንተም ይቻላችሁ እንደሆነ አንድ ሳምንት ከሥራችሁ ራቁና የሚደወለውን ቁጠሩ። ዕቅዳችሁ እዚያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ የዓመቱ የመጀመሪያ ግቤ እንዲህ ሆነ፦ እስከ ሐምሌ 30 ድረስ ዋና ዋናዎቹ ስምንት ምግቦች በግራም ተለክተው ይጻፉ። ምስክሮቼ ልጄና ዋናው ወጥ ሠሪያችን ናቸው።

ቀላል ይመስላል አይደል? በርበሬያችን የእናቴ ነው። እናቴ 81 ዓመቷ ነው፣ ደሴ ነው ያለችው። አሠራሯ ሁሉ በእፍኝ ነው፤ ለአምስት ኪሎ ዛላ በርበሬ ይሄን ያህል እፍኝ ኮረሪማ፣ ይሄን ያህል ነጭ አዝሙድ፣ ጦስኝ «ሽታው እስኪመጣ»። ሴት ልጄ በቪዲዮ ደወለችላት። የወንድሜ ልጅ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተውሶ አመጣ። እናቴ ኮረሪማውን አፍሳ ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው 38 ግራም አለ። «እማማ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙት» አለቻት ልጄ። 37። እኔ እዚህ አፈስኩ፤ 52። ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው? እናቴ ሳቀች። «እኔም ድሮ እጄ ትልቅ ነበር» አለች። እጇ እየቀነሰ ሲሄድ የበርበሬው ጣዕም በዓይኗና በአፍንጫዋ ይስተካከል ነበር ማለት ነው። እኛ ሦስት ዓይነት አዘጋጅተን ለሠራተኞቹ ቀመስን፣ አስቀመስን፤ 45 ላይ ቆምን። ከዚያ በፊት ያ ነገር በዓለም ላይ የነበረው በሁለት ሴቶች እጅ ብቻ ነበር፤ አንዷ 81 ዓመቷ፣ ሌላዋ 56።

አንዲት ጓደኛዬ «ምስጢሩን ጽፈሽ ከሰጠሻቸው ነገ ጎረቤትሽ ይከፍታሉ» አለችኝ። ሊከፍቱ ይችላሉ። ግን አንድ ሠራተኛ 11 ዓመት አብሮኝ ሠርቶ ሄዶ የሚከፍት ከሆነ፣ ያገደው የበርበሬው ምስጢር ሳይሆን ገንዘብ ማጣቱ ነበር ማለት ነው። ደመወዙን ጨመርኩ። ከተጻፈው ጋር አብሮ።

አሁን ብራንድ ስለሚሉት ነገር። ልጆቻችሁ «እማ፣ ኢንስታግራም ላይ ፊትሽን አሳዪ፣ ብራንድ ነው» ይሏችኋል። የእኔዎቹም ይላሉ፤ አልተሳሳቱም። ግን በእኛ ቋንቋ ብራንድ ማለት ስም ነው። ስም ደግሞ አንተ ስለራስህ የምትለው ሳይሆን ሰው አንተ በሌለህበት የሚያወራው ነው። ይሄን ለማወቅ አስር ቋሚ ደንበኞችን ጠየቅኩ፦ «ጓደኛችሁን ወደኛ ስታመጡ ምን ብላችሁ ነው የምታመጡት?» ሰባቱ ሽሮ አሉ። ሁለቱ «ጠረጴዛ ድረስ መጥተሽ ስለምታጫውቺን» አሉ። አንዱ መኪና ማቆሚያ ስላላችሁ አለ፤ እሱም ደህና ነው።

የሁለቱ መልስ ደስ ይላል፤ ግን እኔ በሌለሁበት አይሠራም። ሽሮው ግን ይሠራል።

እዚሁ ኦክላንድ ይሄን ቀድሞ ያሳየ ቤት አለ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተፈሪ በ1991 ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካፌ ኮሉቺን ከፈቱ። ብዙዎቻችሁ በልታችሁበታል። ከምግቡ ጎን ደግሞ ብሩንዶ በሚል ስም ኢትዮጵያ ውስጥ የተዘጋጀ ቅመም መሸጥ ጀመሩ። ካፌው በኋላ ወደ ሳን ፓብሎ ጎዳና ተዛወረ፤ ቅመሙ ግን ካሊፎርኒያን በእግሩ ረግጦ ለማያውቅ ሰው በፖስታ ይደርሳል። ምግብ ቤት ከወንበሩ ብዛት በላይ ማስተናገድ አይችልም። የታሸገ ቅመም ወንበር አያስፈልገውም።

የስም ዋጋ ስንት እንደሆነ ያወቅነው ግን በቡና ነው። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ትልቅ ክርክር ሆነ፤ ኦክስፋም ዘመቻ አደረገ። በመጨረሻ በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማምተው ፈረሙ። ፍሬውን ገበሬው ያመርታል፤ ሱቅ ውስጥ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ግን ከረጢቱ ላይ ያለው ስም ነበር። አገር እንዲህ ከተከራከረበት እኛ የሱቃችንን ስም ዝም ብለን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለብንም።

በተግባር ምን ማለት ነው? የንግድ ስማችሁ ከራሳችሁ ስም የተለየ ከሆነ ዋናው የሥራ ቦታችሁ ባለበት ካውንቲ ታስመዘግባላችሁ፤ ኦክላንድ ከሆናችሁ አላሜዳ፣ ሳን ሆዜ ከሆናችሁ ሳንታ ክላራ። ጋዜጣ ላይ በሳምንት አንዴ ለአራት ሳምንት ይወጣል፤ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። ብዙ ሰው በዚህ ስሙ የኔ ሆነ ብሎ ያርፋል። አይሆንም። ያ ምዝገባ ሕዝቡ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንዲያውቅ ነው እንጂ ሌላው ስሙን እንዳይጠቀም አያግድም። እሱን የሚያደርገው በፌዴራል የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት የሚመዘገበው ነው። በ2025 ለአንድ የዕቃ ዓይነት ማመልከቻው ከ350 ዶላር ይጀምር ነበር። ታፔላ ከማሠራታችሁ በፊት ግን በነጻ ድረ ገጻቸው ላይ ስሙ ተይዞ እንደሆነ ፈልጉ። ለዚህ ልጆቻችሁን አስቀምጧቸው፤ በአስር ደቂቃ ያዩታል።

ምግብ ቤት የሌላችሁ፣ ግን እጃችሁ የሚጣፍጥ እናቶችም አላችሁ። ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ በቤት ወጥ ቤት የሚዘጋጁ የማይበላሹ ምግቦችን መሸጥ ፈቅዷል፤ ዳቦ፣ የተቆላ ቡና፣ ደረቅ ቅመም የመሳሰሉት። ካውንቲው ጋ ትመዘገባላችሁ፣ አጭር ኮርስ ትወስዳላችሁ፣ መለያው ላይ በቤት ወጥ ቤት እንደተሠራ ይጻፋል። ሥጋና ወጥ በዚህ አይገባም። ከምግብ ቤት አሽጎ ለሌሎች ሱቆች ለማከፋፈል ግን ከስቴቱ የሕዝብ ጤና መምሪያ ሌላ ምዝገባ ያስፈልጋል፤ እኔ አሁን ያለሁት እዚያ ላይ ነው። ወረቀቱ ግራ ካጋባችሁ ስኮር የሚባለው ድርጅት ከ1964 ጀምሮ ልምድ ያላቸው ነጋዴዎችን በነጻ ያገናኛል። አማካሪውን ከዕውቀቱ ይልቅ የምወደው በየወሩ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ስለሚጠይቀኝ ነው። እቁብ ዳኛ ማለት ነው።

የሳን ሆዜውን ውል አልፈረምኩም። ልጄ ትንሽ ከፋው፤ ከዚያ ራሱ ሁለት የሐበሻ ሱቆች አነጋገረ። አሁን ግቡ የእሱም ሆኗል፦ እስከ መጪው መስከረም 1 ድረስ ሳን ሆዜ ውስጥ በሳምንት 40 ፓኬት ሽሮና በርበሬ። በፓኬት 4 ዶላር ቢተርፈን 160 ዶላር ነው፤ አንድ ደህና ቅዳሜ ይበልጠዋል። እኔ ግን የማየው ገንዘቡን አይደለም። እኔን አይተው የማያውቁ ሰዎች ሁለተኛ ፓኬት ይገዛሉ ወይ? ከገዙ ስለ ቦታ ኪራይ እንደገና እናወራለን፤ ያኔ 66ቱን ሰው ከባዶ አልፈልግም። ካልገዙ የጠፋው ጥቂት መቶ ዶላርና የፓኬት ዋጋ ነው፤ ጎጆዬ ቦታዋ ላይ ናት።

ፓኬቱ ላይ የማን ስም ይውጣ የሚለው ገና ክርክር ላይ ነው። ልጄ የአያቷን ትላለች። እናቴ ደግሞ «እኔ ምኑን አውቄ? በርበሬ በሉት» ብላለች።

ስምንቱ ምግቦች በሐምሌ 22 ተጽፈው አለቁ። በነሐሴ መጨረሻ ለመሞከር ያህል እንደገና ለአስር ቀን ሲያትል እህቴ ጋ ሄድኩ። ዘጠኝ ጊዜ ተደወለ። ሦስቱ የጤፍ አቅራቢው ዘግይቶ ነው፣ ሁለቱ ባለቤቴ ነው፣ አራቱ ያው የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ነው። ስለ ሽሮ የደወለ የለም። አዲስ ማሽን ስንት እንደሆነ ጠይቄ 6,400 ዶላር ተብያለሁ፤ ለጃንዋሪ 15 ጽፌዋለሁ፣ ምስክሩም ዕቃ አጣቢው ልጅ ነው።